የነሐሴው ካርታ

ሰይፈ ሚካኤል የተገደለው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው በኩራት አይደለም። ያን ቀን በትክክል ያወቅሁት ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሁሉ አበላሽቻለሁ።

የአዴ ዱሬቲ የቡና መጋዘን መቱ ውስጥ ከገበያው በላይ፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከፖሊሶቼ ጋር ስንደርስ ገበያተኛው ሸመታውን ትቶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ወሩ ታኅሣሥ ስለሆነ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ማገር ድረስ ከነገለባው በደረቀ ጀንፈል ቡና ጆንያ ተሞልቷል። በክምሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ሰውን በጎኑ ካልሆነ አያሳልፍም። ሟቹ በመጨረሻው መተላለፊያ፣ ከኋላኛው ግድግዳ አጠገብ ወድቋል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት የጎሬ ልጅ ነው፤ ሥራው ለድርጅቶች ዋይፋይ መዘርጋት ነበር። አጠገቡ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ተጥሏል።

«ክምር ተናደበት» አለኝ ከሸካሚዎቹ አንዱ።

ጭንቅላቱን ቀና አደረግሁት። ከጆሮው ጀርባ ጠርዝ ያለው ጥልቅ ቁስል አለ። ጆንያ ያደቅቃል እንጂ አይበሳም። ትንሽ ስንፈልግ ደም የነካው የአምስት ኪሎ የሚዛን ብረት ከክምሩ ሥር አገኘን። ከሚዛን ቤት የመጣ ነው፤ ሚዛን ቤቱ ደግሞ ተቆልፎ አያውቅም።

«ማነው ከጆንያው ሥር ያወጣው?»

«ዘበኛው። ደበሳ።»

ደበሳ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጋቢው ከደረቱ እስከ ጉልበቱ በደም ርሷል። እኔን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኔ ኪቲላ፣ አሥራ ስምንት ዓመት መርማሪ የሆንኩ ሰው፣ ዓይኑን የጣለ ሁሉ የሆነ ነገር ደብቋል የሚል እምነት ነበረኝ።

ግቢው በሩ አንድ ነው። ሸካሚዎቹ በሙሉ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ወጥተው ሰባት ሰዓት ላይ ነው የተመለሱት። በመካከሉ ከሟቹ ሌላ ግቢ ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው። የግቢው ባለቤት አዴ ዱሬቲና ጸሐፊዋ ሊቺ ቢሮ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ ገብረ መድኅን ሚዛን ቤት፣ ደበሳ በር ላይ። አራቱም እንደዚያ አሉኝ።

*

አዴ ዱሬቲ ወንበር እንኳ አላቀረበችልኝም።

«ሰኞ ጭነት አለብኝ። መጋዘኔን መቼ ነው የምትለቁት?»

«ሰው ሞቷል፣ አዴ ዱሬቲ።»

«አይቻለሁ። እኔ ነኝ የደወልኩላችሁ። መቼ ነው የምትለቁት?»

ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ፣ የቅዱስ ሥዕል በሚሰቀልበት ቦታ፣ በመስታወት ክፈፍ የገባ ባለቀለም ካርታ ተሰቅሏል። የግቢው ፕላን ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብቷል፤ የሚበዛው አረንጓዴ ነው። ምንድነው ብዬ ስጠይቅ በአገጯ ወደ ሊቺ አመለከተችኝ።

ሊቺ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ለፖሊስ ግን ያለቀሰች መምሰል አልፈለገችም።

«ፕሮግራም ነው» አለችኝ። «የሕንፃውን ፕላን ይሰጡታል፣ የዋይፋይ ማሰራጫ የት የት እንደሚሰቀል ያቅዳል። አረንጓዴው ኔትወርኩ የሚደርስበት ነው፤ ቀዩ የማይደርስበት። ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ የማን ስልክ፣ በየትኛው ማሰራጫ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደተያያዘ ይመዘግባል።»

«ሰይፈ ሚካኤል ነው የዘረጋው?»

«እሱ ነው።»

«ዛሬ ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ኔትወርኩ ከኅዳር ወዲህ አስቸገረን። እንደገና ሊለካው።»

«በስልኩ መጨረሻ የደወለው ለአንቺ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ። አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቁኝም።»

«አሁን ጠየቅሁሽ።»

«ምሳ አብረን እንብላ አለኝ። ተኮራርፈን ነበር፣ ዘጋሁበት።» ወደ ማስታወሻ ደብተሬ ጠቆመች። «ይኼንንም ይጻፉት። ዘጋችበት ብለው ይጻፉት።»

አልጻፍኩትም። የምሳ ሰዓቱን መዝገብ አውጪልኝ አልኳት። ማሰራጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ መጋዘን ውስጥ፣ አንዱ በር ላይ። የሊቺና የአዴ ዱሬቲ ስልኮች ያለማቋረጥ ከቢሮው ማሰራጫ ጋር ነበሩ። የጋሼ ገብረ መድኅን ከመጋዘኑ ማሰራጫ ጋር ነበር፣ ከስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ እስከ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ መሃል ላይ ለጥቂት ደቂቃ ከመቆረጡ በቀር።

«መጋዘን ውስጥ ነበር ማለት ነው?»

«አይደለም» አለችና ካርታው ላይ በጣቷ አሳየችኝ። የመጋዘኑ አረንጓዴ ግድግዳውን አልፎ ሚዛን ቤቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። «ሚዛን ቤት የራሱ ማሰራጫ የለውም፣ ከመጋዘኑ ነው የሚያገኘው። ጋሼ እዚያ ነው የሚቀመጠው።»

«ደበሳስ?»

«ስልኩ ባለቁልፍ ነው፣ ዋይፋይ አይዝም።» ቀጥላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ግን የበሩ ማሰራጫ ጠፍቶ ነበር። ከስድስት ከአሥር እስከ ስድስት ከሃምሳ።»

«መብራት ሄዶ?»

«ሌሎቹ አልጠፉም። አንድ ሰው ነቅሎታል።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ዛሬ ሳስበው የማፍረው በዚያ ደስታ ነው።

*

ጋሼ ገብረ መድኅን ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ተነስቶ የተቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር።

«ሚዛን ቤት ነበርኩ፣ ብቻዬን። ምሳዬን ከቤት ነው የማስመጣው።»

«የሰሙት ነገር የለም?»

«ጆንያ ሲወድቅ ሰማሁ። ጆንያ ሁልጊዜ ይወድቃል።»

«ደበሳና ሟቹ ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ያን ማሰራጫ በተሰቀለ ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። አትንካው ይለዋል ልጁ፤ ደበሳ ይነካዋል። ግን ደበሳ ሰው አይገድልም፣ ኢንስፔክተር።»

«ሁሉም እስኪገድል ድረስ አይገድልም» አልኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የዘበኛ ቤቱን ፈተሽን። ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለሉ ስድስት ስልኮች ወጡ። አንዱም የደበሳ አይደለም።

«የማን ናቸው?»

አዴ ዱሬቲን ሰርቆ አያት።

«ማሰራጫውን ለምን ነቀልክ?»

«አኒ ሂንባኔ» አለ በኦሮምኛ፤ ቀጥሎ እንዳልሰማሁ ቆጥሮኝ በአማርኛ ደገመልኝ። «ከበሩ አልወጣሁም፣ ጌታዬ። ጆንያው ሲወድቅ ድምፁ በዛብኝ። ሸካሚዎቹ ሲገቡ አብሬ ገባሁ፣ ልጁን አየሁት፣ ጎተትኩት። ሌላ አላውቅም።»

«ማሰራጫውን ለምን ነቀልክ ነው ያልኩህ!»

አሁንም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። በጥፊ መታሁት። ስድሳ ሁለት ዓመት የሆነውን ሰው፣ በአሠሪውና በሸካሚዎቹ ፊት። እጁንም በገመድ አሰርኩት፤ ካቴናው መኪና ውስጥ ነበር፣ መኪናው ደግሞ ሬሳውን ይዞ ሆስፒታል ሄዷል። በእግር፣ በገበያው መሃል አሳልፌ ወሰድኩት። ከጎሬ የመጡ የሟቹ ዘመዶች ድንጋይ እየወረወሩ እስከ ጣቢያው በር ተከተሉን። አንድ ድንጋይ ትከሻውን መታው። ወርዋሪውን ዞሬ አላየሁም።

ኮማንደሩ ፋይሉን አገላብጦ «ሰኞ ፍርድ ቤት ይቅረብ» አለ። «ጨርሰሃል።»

*

እሑድ ጠዋት የደበሳ ሚስት ሽብሬ ጣቢያ መጣች። በእጇ ሰሐን ይዛለች፤ ለእኔ ሰላምታ የላትም።

«አንተ ነህ የመታኸው?»

ወንበር አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ትናንት ማታ ቡናችንን ጨፈጨፉት። አሥራ አራት እግር ቡና። አባቴ ነው የተከለው። ጎረቤቶቼ ቆመው ያያሉ። ዛሬ እሳት ልጫር ብዬ ብሄድ በር ዘጉብኝ። የነፍሰ ገዳይ ሚስት እሳት አይሰጣትም።»

«ባልሽ አልናገር አለ። ስድስት ስልክ ሰርቆ...»

«ሰርቆ?» ሰሐኑን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው ወጡ ፈሰሰ። «ያ ዋቃ! የሸካሚዎቹ ነው! የሚያድሩበት ቤት መብራት የለውም። ምሳ ሲወጡ ስልካቸውን ይሰጡታል፣ ይሞላላቸዋል። የዘበኛ ቤቱ ሶኬት አንድ ነው፤ ያን ዕቃ ካልነቀለ በምን ይሰካው? ዱሬቲ ደግሞ ዳግመኛ ብትነቅለው አባርርሃለሁ ብላዋለች።»

«ታዲያ ይኼን ለምን አይናገርም? ከእንጀራው አንገቱ አይበልጥበትም?»

«በሷ ፊት ነው የጠየቅኸው! በሷ ፊት ይናገር?»

ሸካሚዎቹን አስጠራሁ። ስድስቱም መጡ፣ ስድስቱም ስልካቸውን ለዩ። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ መጥቶ ከበሩ ውጭ ሲጠብቅ ደበሳን በሩ ላይ ከስልኮቹ ጋር እንዳየው ነገረኝ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም።

«ትናንት የት ነበርክ ይኼን ሳትናገር?»

«እሱን ሲመቱት አየን» አለኝ ልጁ። «ለኛስ ማን ዋስ ይሆነናል?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ቡና ነው፤ እሱ ደግሞ አይለቀምም። ደበሳን ልፍታው ብል ኮማንደሩ ሌላ ሰው አምጣልኝ ይላል። ከሰኞ ጠዋት በፊት ገዳዩን ማግኘት ነበረብኝ።

*

ወደ ሚዛን ቤቱ ተመለስኩ። እሑድ ስለሆነ ሰው የለም። የአምስት ኪሎው ብረት ከሌሎቹ መካከል ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ቦታ በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ለኮማንደሩ ልላከው አልኩ። ሊቺ በቀደመው ቀን ቢሮ ውስጥ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ሞልታልኝ ነበር። ፎቶው አልሄደም። ደገምኩ፤ አልሄደም። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ። ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

በአረንጓዴው መሃል ቆሜ ነው ይኼ የሚሆነው።

ሊቺን ከቤቷ አስመጣኋት። ተቆጥታ ነው የመጣችው።

«ሚዛን ቤቱ ኔትወርክ የለውም።»

«ከኅዳር ወዲህ የለውም። ለዚያ አይደል እንደገና ሊለካ የመጣው?»

«ትናንት ጋሼ ገብረ መድኅን ከዚያ ሆኖ ተያይዟል አልሽኝ!»

«ካርታውን አይቼ ነዋ...» አለችና አፏን ያዘች።

ከግድግዳው ላይ ካርታውን አወረድኩት። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ የተለካበት ቀን አለ። ነሐሴ አሥራ ሁለት።

«ነሐሴ ላይ መጋዘኑ ምን ነበረው?»

«ባዶ ነው። ነሐሴ ላይ ቡና የት አለ? ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።»

«አሁንስ?»

ሁለታችንም በመስኮት መጋዘኑን አየነው። እስከ ማገሩ የሞላ ጀንፈል ግንብ ማለት ነው። በመጋዘኑ ማሰራጫና በሚዛን ቤቱ መካከል ከቆመ ወር አልፎታል። ባዶ ቤት ለክተው፣ በመስታወት ክፈፍ አስገብተው፣ እስከ ዛሬ አመኑት። እኔም ያንኑ አምኜ ሰው መታሁ።

«ሰይፈ ሚካኤል ትናንት የለካው የት ሄደ? ላፕቶፑ ተሰብሯል።»

«ፕሮግራሙ የለካውን ወዲያው ወደ ቢሮው ሰርቨር ይልካል። እኔ... ልከፍተው አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለኝ።»

ከፈተችው። የመጨረሻው የተቀመጠው ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ላይ ነው። አዲሱ ካርታ ከፊተኛው ጋር የአንድ ግቢ አይመስልም። ሚዛን ቤቱ ቀይ ነው፤ ደማቅ ቀይ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ስልክ ከመጋዘኑ ማሰራጫ ጋር ሊያያዝ አይችልም። መጋዘኑ ራሱ የሚበዛው ቀይ ሆኗል፤ በማሰራጫው ሥር ያሉት መተላለፊያዎች ብቻ ናቸው አረንጓዴ የቀሩት። ከመጨረሻው ክምር ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ።

«ይኼ ምንድነው? በቀዩ መሃል?»

ሊቺ ሁለት ጊዜ አጉልታ አየችው። «አረንጓዴ ነው። ክምሩን ሰንጥቆ አልፏል። ሊሆን አይችልም። በጆንያዎቹ ውስጥ ቡና ካለ እንዲህ አያልፍም።»

«ቡና ካለ» አልኳት።

*

ጋሼ ገብረ መድኅንን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነው ያገኘሁት። ነጠላውን እንደተከናነበ መጣ፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም። መጋዘኑ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ክምር ፊት አቆምኩት። ሁለት ፖሊሶች የፊተኛዎቹን ጆንያዎች አወረዱ። ጀንፈል ናቸው፣ ከባድ ናቸው። ከበስተኋላ ያለውን ሦስተኛውን ረድፍ ግን አንዱ ፖሊስ በአንድ እጁ አነሳው። በብረት ወጋሁት። የፈሰሰው ገለባ ነው።

«ይኼ ከያዮ የመጣ የጫካ ቡና ነው ተብሎ ነው የተጻፈበት» አልኩት። «ቡናው የት ገባ?»

«የቡናውን ነገር ደበሳ ያውቃል ብዬ ልዋሽ?» አለኝ በዝግታ። «ከትናንት ጀምሮ ይኼን እያሰብኩ ነው። አልችልም።»

«በምን ወጣ?»

«መፈልፈያው ገለባ ያወጣል፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ገለባ የጫነ መኪና ማንም አይፈትሽም። እኔ ፈርሜ አስወጣለሁ፣ ደበሳ በሩን ይከፍታል። ቡናው በገለባው ሥር ይወጣል፣ ገለባው በቡናው ቦታ ይቀራል።»

«ልጁ ደረሰበት።»

«ልጁ ምንም አልገባውም ነበር!» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «እየለካ መጣ። ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ። ደስ ብሎት ነበር፣ እንደ ተማሪ። ‹ጋሼ፣ እዩልኝ፣ እዚህ ክምር ውስጥ ቡና የለም እኮ፣ ምንድነው ያለው?› አለኝ። ለአዴ ዱሬቲ ላሳያት አለ። ቆይ አልኩት። ሚዛን ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ጎንበስ ብሎ ይጽፍ ነበር። መታሁት፣ ክምሩንም ናድኩበት።»

«ስልክዎ ከመጋዘኑ ማሰራጫ ጋር ሲያያዝ ይመዘግባል። አያውቁም?»

«አውቃለሁ። ካርታው ከአዴ ዱሬቲ ራስ በላይ ተሰቅሏል፣ አራት ወር ሙሉ ሳየው ነበር። ሚዛን ቤቴ አረንጓዴ ነው።» ነጠላውን አስተካከለ። «እኔ ኢንተርኔት የሚሉትን አልጠቀምም፤ ስልኬንም ሊቺ ናት ያያያዘችልኝ። መቆሙን በምን ላውቅ?»

«ደበሳ ታስሮ ሲሄድ አይተውታል።»

«አየሁት።»

«ድንጋይ ሲወረወርበት?»

«እህል ሳልቀምስ ጾሜን ነው የዋልኩት ከዚያ ወዲህ» አለኝ፤ ጾም ለደበሳ የሚተርፍ ይመስል። ያን ጊዜ ልመታው እጄ ተነሳ። መለስኩት። አንድ ቀን የዘገየ ብልሃት ነው።

*

ደበሳን እሑድ ማታ ፈታሁት። ይቅርታ አልኩት፤ እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ። አዴ ዱሬቲ ሌላ ዘበኛ ቀጥራ ነበር፤ ሰኞ ሊቺ ፊቷ ቆማ እኔም እሄዳለሁ ስትላት ደበሳን ወደ ሥራው መለሰችው። ቡናው ግን ተቆርጧል፤ ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ደግሞ ሽማግሌ ሰው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ነገር አይደለም።

ረቡዕ ሦስት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ወደ ደበሳ ላክሁ። አስቀመጣቸው፣ አበላቸው፣ ጨርሰው ሲናገሩ አዳመጣቸው። ከዚያ እንዲህ ብሎ መለሳቸው። «ካሣ አልፈልግም። በገበያ ቀን ነው የወሰደኝ፣ በገበያ ቀን ይመልሰኝ። በዚያው መንገድ። ቆቡን አውልቆ፣ ምንም አላደረገም እያለ።»

ኮማንደሩ ሲሰማ ሳቀ። «የፖሊስን ክብር በገበያ ልታዞረው ነው?»

«ደበሳን ያዞርኩት በገበያ ነው» አልኩት። አልፈቀደልኝም፤ አልከለከለኝምም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ደበሳ ጣቢያው በር ድረስ ራሱ መጣ። አዲስ ጋቢ ለብሷል፤ የቀድሞው ኤግዚቢት ሆኖ ከእኛ ጋር ቀርቷል። ሽብሬ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ቆቤን አውልቄ በብብቴ ያዝኩ።

«እንሂድ አባቴ» አልኩት።

«አባትህ አይደለሁም» አለኝና ቀደመ።

ገበያው ሞልቷል። እኛ ስንገባ ድምፁ ጋብ አለ፤ ሰው መንገድ ለቀቀልን፣ እጁን በአፉ ላይ አደረገ። የተቀበልኩትን ቃል መናገር ነበረብኝ፤ አንዱንም ሳልናገር የመጀመሪያውን ተራ አለፍን። ማር የምትሸጥ ሴት ከጎኗ ወዳለችው ዘንበል አለችና፣ እኛ እንድንሰማት ሆና ጠየቀች።

«አሁን ደግሞ ምን አደረገ?»

ደበሳ ቆመ። ወደ እሷ አልዞረም፣ ወደ እኔም አልዞረም። የአንገቱ ሥር ሲገተር ከኋላው ሆኜ አየሁት።

«ምንም!» አልኩ። «ምንም አላደረገም። በሐሰት ያሰርኩት እኔ ነኝ። የመታሁትም እኔ ነኝ።»

ደበሳ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለተኛውን ሄደ።

«ጮክ በል» አለኝ። «በርበሬ ተራ ያሉት አልሰሙም።»